ፍሬን አይበጠስም፤ ይግላል

«መኪናው ፍሬን በጥሶ ገደል ገባ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰምተናል? ዜና ላይ እንሰማዋለን፣ ለቅሶ ቤት እንሰማዋለን፣ ከዚያ «የቀን ጎዶሎ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሾፌሩ ከተረፈ ይታሰራል፤ ካልተረፈም ይወቀሳል። ለመሆኑ ግን የተበጠሰው ምንድን ነው? በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠስ ነገር የለም። ፍሬኑ ግሏል፣ በቃ። ፍሬን ደግሞ በድንገት አይግልም። ቀድሞ በሱቅ፣ በጋራዥና በባለንብረቱ ኪስ ውስጥ የተወሰነ ነገር አለ።

ይህን የምጽፈው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው። ከወንጪ ወደ አምቦ በኮንትራት ሚኒባስ እየወረድን ነበር። መንገዱ ከደንዲና ከወንጪ ደጋ ተነስቶ አምቦ እስኪደርስ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይጥላል። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። አንዲት እናት ከኋላ «ሱታ፣ ያ ኢልማ!» አሉ፤ «ቀስ በል ልጄ» ማለታቸው ነው። ልጁ ፍሬን ረገጠ፤ ፔዳሉ ወለል ነካ። ደግነቱ ደንግጦ መሪውን አልለቀቀም። ማርሽ ቀነሰ፣ በእጅ ፍሬን ታገዘ፣ መንገዱ ትንሽ ቀና ሲል ከዳገቱ ጥግ አስጠግቶ አቆመ። ማንም አልተነካም።

አምቦ ደርሰን ጎማው ሲፈታ የፊት ዲስኩ ሰማያዊ መስሏል፤ ፊቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ነበሩት። መካኒኩ በጣቱ ዳሰሰውና «ይሄ ሁለት ጊዜ ቶርኖ ቤት ገብቷል» አለ። ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ «ለባለንብረቱ ነግሬው ነበር፤ እስከ ፋሲካ ይሠራል አለኝ» ሲል መለሰ። እኛ በዚያ ቀን ገደል ብንገባ ኖሮ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው የማን ስም ነበር? የልጁ።

እስቲ ነገሩን በሂሳብ እንየው። ሰው የጫነ ሚኒባስ ወደ 3 ቶን ይመዝናል እንበል። ይህን ክብደት 1,000 ሜትር ወደ ታች ስናወርደው የሚወጣው ኃይል አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። የተወሰነውን ጎማውና ነፋሱ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ጥቂት አሥር ኪሎ የሚመዝኑት ዲስኮችና ታምቡሮች ይሸከሙታል። ፍሬን ማለት እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት የሚቀይር ምድጃ ነው። ምድጃው ሙቀቱን ወደ አየር ካላስወጣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ወደ ሸራው፣ ቀጥሎ ወደ ፍሬን ዘይቱ።

ዘይቱ ሲፈላ የሚሆነውን የአምቦ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። የአምቦ ውሃ ሲከፈት እንደሚወጣው ዓይነት አረፋ ቱቦው ውስጥ ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲገፉት ይገፋል፤ አረፋ ሲጫኑት ይታመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ፍሬኑ ግን አይዝም። ከቆይታ በኋላ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ይመለሳል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ከአደጋ በኋላ ፍሬኑ ሲሞከር «ደህና ነው» የሚባለው።

የእኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለባት። ዲስክን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ግን ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አምቦ ከተማ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ያው ዲስክ፣ በያው ፍጥነት፣ እዚህ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ጎሐጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ የጭነት መኪናም ቁልቁለቱን የሚጀምረው በዚሁ በሳሳ አየር ነው።

በሌላው ዓለም ቅዳሜና እሁድ ለመዝናናት በውድድር ሜዳ ላይ መኪና የሚነዱ ሰዎች አሉ። አማተሮች ናቸው፤ ሽልማት የላቸውም። ግን ሲገናኙ ከሞተር እኩል የሚያወሩት ስለ ዲስክ ነው፦ የትኛው ወፍራም ነው፣ የትኛው አየር ያስገባል፣ ከፊት መከላከያው እስከ ዲስኩ እንዴት የአየር ቱቦ ይዘረጋ። ሜዳውን ከመልቀቃቸው በፊትም አንድ ዙር ፍሬን ሳይነኩ ቀስ ብለው ይነዳሉ፤ ዲስኩ በነፋስ እንዲበርድ። ለጨዋታ ብቻውን የሚነዳ ሰው ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ አሥራ ሁለት ነፍስ ጭኖ የሚወርድ መኪና ባለንብረት ስለ ዲስኩ ውፍረት አለማወቁ አያሳፍርም?

ምርጫው ይህን ያህል ከባድ አይደለም። ሶማሌ ተራ ስትገቡ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ለከባድ ሥራ የሚሆን የፊት ዲስክ ሁለት ሳህን ሆኖ መሃሉ ክፍት ነው። በክፍተቱ ያሉት ክንፎች አየር ከመሃል ስበው በጠርዙ ይረጩታል። አንዳንዱ ክንፍ የተጠማዘዘ ስለሆነ የግራና የቀኝ አለው፤ ካቀያየራችሁት ይሰንፋል። ሁለተኛ፣ ክብደቱን መዝኑ። ተመሳስሎ የተሠራ ርካሽ ዲስክ ብዙ ጊዜ ብረት ይሰስታል፤ ብረቱ ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይግላል። ሦስተኛ፣ በተበሳሳ ዲስክ አትታለሉ። ቀዳዳው በቸርኬው ውስጥ ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን ርካሹ ዲስክ በሙቀት መሰንጠቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ዙሪያ ነው።

ቶርኖ ቤት ማስላጥስ? በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዲስኩ ላይ ግን አነስተኛው የተፈቀደ ውፍረት በሚሊሜትር ተቀርጿል። ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ ዲስክ አይደለም፤ ቁርጥራጭ ብረት ነው። እያንዳንዱ ሳህን 8 ሚሊሜትር ቢሆንና ከእያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር ቢላጥ፣ ሙቀት ከሚይዘው ብረት አንድ ስምንተኛው ሄደ ማለት ነው።

«መለዋወጫ ተወደደ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ብዙውን የሚያድነው ነገር ብር አይጠይቅም፤ ወይም ትንሽ ነው የሚጠይቀው። ፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ከአንድ ጎማ ዋጋ በታች ነው። በክረምት የዲስኩን የአየር ክፍተት የሚደፍነውን ጭቃ ማጠብ ነፃ ነው። በወጡበት ማርሽ መውረድም ነፃ ነው።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፍሪ አድርጎ የሚለቅ ሾፌር ደግሞ ራሱን እያታለለ ነው። በኮምፒውተር የሚሠሩት የዛሬ ሞተሮች በማርሽ ተይዘው ሲወርዱ ነዳጅ ይዘጋሉ፤ ፍሪ ሲሆኑ ግን ላለመጥፋት ያቃጥላሉ። ፍሬንንም በስሱ ረግጦ ኪሎሜትር ሙሉ መውረድ ዲስክ መጥበስ ነው፤ ጠበቅ አድርጎ ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ መልቀቅና ማናፈስ ይሻላል። በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም እርዳታ አይደለም፤ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ጎማውን በድንጋይ ደግፋችሁ፣ እግራችሁን ከፔዳሉ አንስታችሁ ጠብቁ።

ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ብዙዎቻችሁ ኤሌክትሪክ መኪና ይዛችኋል። «የእኔ በሞተሩ ነው የሚይዘው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ቁልቁለቱን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚመልስበት ቦታ የለውም፤ ሥራው በሙሉ ወደ ዲስኩ ይመጣል፣ መኪናውም ከባድ ነው። ደጋ ላይ ቻርጅ ስታደርጉ እስከ ጫፍ አትሙሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ወንጪ «ገበታ ለሀገር» ከደረሰው ወዲህ ከአዲስ አበባ ሰው ይጎርፋል፤ ደስ ይላል። መንገድ ሲሻሻል ግን ፍጥነት ይጨምራል፣ ከፍጥነቱ ጋር ዲስኩ ላይ የሚያርፈው ሙቀት አብሮ ይጨምራል። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ጎማ ተፈትቶ የዲስኩ ውፍረት ይለካ፤ ሮለር ላይ የሚሞከረው ቀዝቃዛ ፍሬን ነውና የጋለው ምን እንደሚሆን አይነግረንም። ከቁልቁለቱ ራስና ከወገቡ ላይ መኪና ቆሞ የሚያበርድበት ሰፊ ጥግ ይሠራ። ሦስተኛውና ዋናው፣ አደጋ ሲደርስ መርማሪው ሾፌሩን ብቻ አይጠይቅ። ዲስኩን አውጥቶ ይለካው፤ ከተፈቀደው በታች ከሆነ «እስከ ፋሲካ ይሠራል» ያለው ሰውም ይጠየቅ።

ያ ልጅ ዛሬም ይነዳል። በማግስቱ ባለንብረቱ አዲስ ዲስክ ገዛ፤ ዋጋውን ግን ከልጁ ደሞዝ ላይ ቆረጠ። እኛን ያወረደው እርሱ፣ ዕዳ የከፈለውም እርሱ ነው። ይህ እስካልተቀየረ ድረስ «ፍሬን በጥሶ» የሚለውን ዜና መስማታችን አይቀርም።