የምትፈልግ ሴት በቴሌቪዥናችን የት አለች?



ስለ ቴሌቪዥን ድራማ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ክስ ይደገማል፦ ሴቶቻችንን ያበላሻቸው የቱርክ ድራማ ነው፣ ፍቅር ፍቅር ማለትን የተማሩት ከዚያ ነው ይባላል። እኔ አምቦ ውስጥ ይህን ክስ በካፌም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍልም ሰምቼዋለሁ። በከሳሾቹ አልስማማም። ቴሌቪዥናችን ስለ ሴት ፍላጎት መች አወራና ነው አበዛ የምንለው? በራሳችን ሴት አፍ፣ በራሳችን ከተማ ያለውን ፍቅር በቅጡ አልነካውም።

የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ያቀረበልን ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ያሰሙት ተቃውሞ አይረሳኝም። እንጀራችን ይቀማል ማለታቸው ተገቢ ነበር። ባህላችን ይጠፋል የሚለው ጩኸት ግን አንድ ጥያቄ ሸፍኖ አለፈ፦ ሴቶቹ ለምን ወደዱት? ጎረቤቶቼ የቱርኩን «ጥቁር ፍቅር» ሲያዩ አብሬ አይቻለሁ። የሳባቸው የኢስታንቡል ቪላና ቀሚስ ብቻ አልነበረም። እዚያ ሴቷ ታያለች፣ ትመርጣለች፣ ታኮርፋለች፣ ትናፍቃለች፤ ካሜራውም ፊቷ ላይ ቆሞ ይታገሳታል። በእኛ ተከታታይ ድራማዎች ሴት ስትፈለግ እንጂ ስትፈልግ እምብዛም አትታይም። ባለሀብቱ ይፈልጋታል፣ የሰፈሩ ልጅ ይፈልጋታል፣ የአባቷ ጠላት ይፈልጋታል። እሷ ራሷ አንድ ሰው ከፈለገች ግን ወይ አታላይ ናት፣ ወይ ባል ቀሚ፣ አለዚያም ከጥቂት ሳምንት በኋላ መኪና ይገጫታል። በድራማችን ውስጥ የመኪና አደጋ ዋና መንስኤ የሴት ፍላጎት ነው ብል ትራፊክ ፖሊስ ይታዘበኝ ይሆን?

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አልፈልግም። አዜብ ወርቁና ቅድስት ይልማ ከደራሲዎቹ መካከል ያሉበት፣ በአርትስ ቲቪ የታየው «እረኛዬ» ሴት ስትጽፍ ሴቷ ምን ያህል ሰው እንደምትሆን አሳይቶናል። እንደዚያ ያለው ሥራ ግን ጥቂት ነው፤ የተከታታይ ድራማ ቅርጽም ራሱ ችግር አለበት። ተከታታይ ድራማ መልስ ይፈራል። ሴቷ ዛሬ የምትፈልገውን አውቃ ከተናገረች በሚቀጥለው ሳምንት ምን ሊታይ ነው? ስለዚህ ደብዳቤው ይጠፋል፣ ስልኩ ሰው እጅ ይገባል፣ እህት ያልነበረችው እህት ሆና ትገኛለች፤ ፍላጎቷም የሴራ ማገዶ ሆኖ ያልቃል።

ስለዚህ የምጠይቀው በየክፍሉ የሚያልቅ፣ በየሳምንቱ ሌላ ሴትና ሌላ ታሪክ ይዞ የሚመጣ ድራማ ነው። ሌላው ዓለም ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔትፍሊክስ ያሳየው የሕንዱ «ለስት ስቶሪስ» አራት ዳይሬክተሮች በየፊናቸው የሠሯቸውን አራት አጫጭር ታሪኮች የያዘ ነበር። ዞያ አክታር በሠራችው ክፍል አንዲት የቤት ሠራተኛ በድብቅ አብራው ስትተኛ የኖረችው አሠሪዋ ሊታጭ ሲል ለእንግዶቹ ሻይ ታቀርባለች። ብዙ አትናገርም፣ አትበቀልም። ሰውነትን የሚያሳየው ትዕይንት ተረስቶኝ ሻይ ይዛ የቆመችበት አልጠፋ ብሎኛል። ይህችን ሴት ለመቶ ክፍል ቢጎትቷት ኖሮ መጨረሻ ላይ የጠፋች የሀብታም ልጅ ሆና ትገኝ ነበር።

እኛ ጋ ስለ ሴት ሕይወት በአየር ላይ ብዙ የሠሩት የእርዳታና የልማት ድርጅቶች ናቸው፤ ምስጋናቸውን አልነፍግም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፣ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ «ዲምቢባ» የሬዲዮ ተከታታይ ድራማዎች ተላልፈዋል፤ ከአድማጭ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። በኋላም «የኛ» የተባለው የሬዲዮ ድራማ መጣ። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ጠለፋ ተማርንባቸው። ነገር ግን በእነዚህ ሥራዎች ሴቷ የምትመጣው ችግር ይዛ ነው፤ ከችግሩ ስትወጣ ታሪኩ ያልቃል። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልምም፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የተመልካች ሽልማት ያገኘው፣ የተጠለፈችን ልጅ «እምቢ» ለዓለም አሰማ። በ1997ቱ የወንጀል ሕግም ጠላፊ የጠለፋትን አግብቶ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ተዘጋ። እሰየው። «እምቢ» ማለቷን ካወቅን ዘንዳ «እፈልጋለሁ» ማለቷንስ ማን ያሳየን?

የምዕራብ ሸዋ ሽማግሌዎች ይህ «እፈልጋለሁ» የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ አለመሆኑን ያውቃሉ። በኦሮሞ የጋብቻ ሥርዓት ውስጥ አሴና የሚባል አለ። ልጅቷ ሳትጠየቅ፣ ሽማግሌ ሳይላክላት፣ በራሷ እግር የወደደችው ልጅ ቤት ትገባለች፤ የገባችን ልጅ ማባረር ለቤተሰቡ ነውር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ጠለፋ መዓት ታሪክ ሰምቻለሁ፤ የአሴናን ታሪክ ግን ሴቶች ብቻቸውን ቡና ሲጠጡ ነው የሚያወሩት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እየሳቁ። አሴና ሁልጊዜ የፍቅር ጉዳይ ነበር ብዬ አላስጌጠውም። ጠያቂ አጥታ ዕድሜዋ የገፋባት ልጅም፣ ከቤት መገፋት ያስመረራትም ገብታለች፤ ከገባች በኋላም «ራስሽ መጣሽ» የሚለው ነቀፋ ዕድሜ ልክ የተከተላት አለች። ግን ለአንድ ክፍል ድራማ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? አንዲት ልጅ፣ አንድ ደጃፍ፣ ደንግጦ የተነሳ ቤተሰብ፣ ልጁም ይወዳት እንደሆነ ገና የማታውቀው።

ታሪክ ፈላጊ የአምቦን መንገድ ይዞ ይምጣ። አዲስ ዓለም ላይ ይቁም፤ «የልቤ መጽሐፍ»ን የጻፈችው፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ስንዱ ገብሩ የተወለደችው እዚያ ነው። ሆለታ ላይም ይቁም። በአበባ እርሻዎቹ ጽጌረዳ ከሚቆርጡት፣ ከሚመርጡትና ከሚያስሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን ሥራው ሲበረታ እነዚህ ልጆች ለማያውቋቸው ሰዎች ፍቅር በቀዝቃዛ ክፍል ቆመው ዘለላ ሲያስሩ ይውላሉ። ማታ ተከራይተው ወደሚኖሩባት ክፍል ሲመለሱ ማንን ያስባሉ? ከደመወዛቸው ላይ ሽቶ የምትገዛዋ ለማን ብላ ነው? ይህን የጠየቀ ድራማ አላየሁም። ከዚያ ጊንጪ አለ፣ ጉደር አለ፣ ጌዶና ባኮ አሉ። ከቤይሩት ተመልሳ ሱቅ የከፈተች፣ ባል የሞተባትና ልጆቿ ዳግም እንዳታገባ የሚጠብቋት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በአፋን ኦሮሞ በጀመረችው ፍቅር በአማርኛ የምትጣላ ልጅ ሁሉ እዚህ አለች። እስካሁን ካሜራ የሚመጣው ክሊፕ ሊቀርጽ ወንጪ ሐይቅ ነው። የአዲስ አበባ ፍቅረኞች በፈረስ ላይ ሆነው ይቀረጻሉ፤ ፈረሱን የምትስበው የአገሬው ልጅ ከፍሬሙ ውጭ ናት።

አንድ ተቃውሞ ግን አልንቅም። በብዙዎቻችን ቤት ቴሌቪዥኑ አንድ ነው፤ አማት፣ ምራት፣ ሕፃንና እንግዳ አብረው ያያሉ። እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ይታያል? እኔ ራቁት ገላ አልጠየቅኩም። ደግሞስ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክልን እናቶቻችንና አያቶቻችን በአንድ ክፍል ተሰብስበው አልነበረም ያደመጡት? ሰብለ ወንጌል ያን ሁሉ ክብር ትታ መምህሯን በዛብህን ስትወድ፣ ልቧ ሲሸፍት፣ ቤት ጥላ ስትወጣ ማንም ልጁን ከሬዲዮው ፊት አላስነሳም። ሐዲስ ዓለማየሁ አንድ ነውረኛ ቃል ሳያወጡ የሴትን ናፍቆት አገር እንዲሰማው ማድረግ ችለዋል። ችሎታው አለን ማለት ነው፤ የጎደለው ድፍረት ነው።

የገንዘብ ነገር ይቀራል። በየሳምንቱ አዲስ ተዋናይና አዲስ ቦታ ወጪ ያበዛል፤ ስፖንሰር ደግሞ የለመደውን ፊት ይፈልጋል። እንግዲያው ሃምሳ ክፍል ማን ጠየቀ? በአርትስ፣ በኢቢኤስ፣ በፋናም ሆነ በኦሮሚያው ኦቢኤን ስድስት ክፍል ይሞከር፤ ስድስት ሴት ጸሐፊዎች ይጻፉት። ታሪኩ የሚጠይቀውን ቋንቋ ይናገሩ፤ እዚህ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ ያወራል፤ ትርጉሙን ከግርጌ ማስነበብ ከባድ አይደለም።

እርስዎም፣ ክቡር አዘጋጅ፣ ድርሻ አለዎት። ከነዚህ ከተሞች ሴቶች ለሚላኩ አጫጭር የፍቅር ታሪኮች በየወሩ አንድ ገጽ ይስጡን፤ ስም መደበቅ ለምትፈልገው ይደበቅላት። ደራሲ የለም የሚል የጣቢያ ኃላፊ ካለ ገጹን ያንብብ። የመጀመሪያውን እኔ እልካለሁ።

አክባሪዎ፣
የመጽሔታችሁ አንባቢ፣ መምህርት
ከአምቦ