ሲልበሪ መቃብር አይደለም

በደቡብ እንግሊዝ፣ በዊልትሺር ግዛት፣ ከኤቭበሪ የድንጋይ ክበብ አቅራቢያ ሲልበሪ የሚባል ጉብታ አለ። ከሩቅ ላየው ተራራ ይመስላል፤ ሰው የሠራው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2400 ዓመት ግድም፣ ብረት ገና ሳይታወቅ፣ በአጋዘን ቀንድ እየተቆፈረ በሰው ጫንቃ ተከመረ። ቁመቱ 30 ሜትር ያህል ሲሆን ክብደቱ ግማሽ ሚሊዮን ቶን ይገመታል።

ይህን ሁሉ አፈር የቆለለ ሕዝብ ከሥሩ አንድ ታላቅ ሰው ሳይቀብር አይቀርም ተባለ። ሲል የሚባል ንጉሥ ከነፈረሱ ተቀብሮበታል የሚል አፈ ታሪክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1776 ማዕድን ቆፋሪዎች ከአናቱ ቁልቁል ወረዱ። በ1849 ጎኑ ተበሳ። ከ1968 እስከ 1970 ደግሞ አርኪዮሎጂስቱ ሪቻርድ አትኪንሰን የቢቢሲን ካሜራ አስከትሎ ገባ። ንጉሥም ወርቅም አልተገኘም። ቁፋሮው ግን በወጉ አልተደፈነም ነበርና በ2000 አናቱ ተደረመሰ። ይህ ያንገበግበኛል። ለሀብት የተጣደፈ እጅ 4 ሺህ ዓመት የቆመውን ሥራ አቆሰለው።

እውነተኛው ግኝት የመጣው በ2007፣ ጉዳቱን ለመጠገን በተገባ ጊዜ ነው። አርኪዮሎጂስቶቹ ጂም ሊሪና ዴቪድ ፊልድ እንዳስረዱት፣ ጉብታው በአንድ ንድፍ ተጀምሮ ያለቀ አይደለም። መነሻው አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ የጠጠር ክምር ነበር። በላዩ ጭቃና የሣር ቁራጭ ተደረበ፣ ከዚያም ነጭ ጠመኔ። ዙሪያውን ቦይ ይቆፈራል፤ ይሞላል፤ ራቅ ተብሎ እንደገና ይቆፈራል። ለመጨረስ የቸኮለ ሰው ደክሞ የቆፈረውን መልሶ አይደፍንም። ስለዚህ በቦታው ሥርዓተ አምልኮ ከነበረ የተፈጸመው ጉብታው ካለቀ በኋላ አይደለም፤ መቆፈሩ፣ መሸከሙና መከመሩ ራሱ ሥርዓቱ ነበር የሚለው ሐሳብ እኔን ያሳምነኛል።

ጸሐፊው ማይክል ዴምስ በ1976 ጉብታው የነፍሰ ጡር እናት አምላክ አምሳል ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ውብ ሐሳብ ነው፤ ብዙዎችም ወደውታል። ሆኖም ሐሳቡ ዛሬ የሚታየውን ቅርጽ ይዞ የተነሳ ነው። መጀመሪያ ጠጠር ያፈሰሱት ሰዎች ይህን ቅርጽ አላዩትም። በእነሱ ዘመን እዚያ የነበረው ዝቅተኛ ክምር፣ ከአጠገቡም የኬኔት ወንዝ ምንጭ ነው፤ ለእነሱም ቦታው ያን ጊዜውኑ የተቀደሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።