ማስመስከር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከነፋስ መውጫ አንድ ገጽ ጽሑፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። ለውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል ልታመለክት ነው። ዩኒቨርሲቲው ከውጤቷ ሌላ «ማን ነሽ? ይህን ትምህርት ለምን መረጥሽ?» ለሚል ጥያቄ የጽሑፍ መልስ ይፈልጋል፤ እሱን ካለፈች ደግሞ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ይጠብቃታል። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ስሕተት ካለው ያርሙልኝ» ትላለች።

አየሁላት። አንድም ስሕተት የለውም። ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ማኅበረሰቤን የመለወጥ ጥልቅ ፍላጎት ነበረኝ» ብሎ ይጀምርና እንደ ተወለወለ ብርጭቆ እያብለጨለጨ እስከ ታች ይወርዳል። ልጅቱን ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ፤ በልጅነቷ የነበራት ጥልቅ ፍላጎት የጎረቤት ጥጃ ማባረር ነበር። ደወልኩላትና «ማን ጻፈው?» አልኳት።

«ቻትጂፒቲ ትንሽ አግዞኛል።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

ሳቀች።

አልተቆጣኋትም። ለመቆጣት አፍ የለኝም። ወጣት ሳለሁ ለአንድ የትምህርት ዕድል ሦስት ሰዎች ፊት ቀርቤ «ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉኝ ስሜንና የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ተናግሬ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። «ጠንካራ ጎንህስ?» ቢሉኝ «እሱን እንኳ ሌላ ሰው ቢናገረው ይሻላል» አልኩ። ባደግሁበት ቤት ራሱን የሚያሞግስ ሰው ከሰካራም እኩል ይታይ ነበር። ዕድሉን ሌላ ሰው ወሰደው፤ ሲያንሰኝ ነው።

ነገሩ ግን የጨዋነት ብቻ አይደለም። ይህች ልጅ 12 ዓመት ሙሉ ስትማር ኖራ፣ ዕጣዋን በቆረጠው ፈተና ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አልጻፈችም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከሂሳብ እስከ እንግሊዝኛ ምርጫ ነው። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ኩረጃው ቀንሶ ጉዳችን ወጣ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ስለነዚህ ቁጥሮች ያልተባለ የለም። ያለፈውም የወደቀውም ድምፁ ሳይሰማ፣ የእጅ ጽሑፉ ሳይታይ መመዘኑን ግን ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ብትጨርስ እንኳ የሚጠብቃት የመውጫ ፈተና ያው ምርጫ ነው። እንግዲህ «ማን ነሽ? ጻፊ» ያላት የመጀመሪያው ሰው ባሕር ማዶ ያለ ከሆነ፣ መልሱን ማሽን ብትጠይቅ ምን ይገርማል?

የሚገርመው ይህን ማሽን የጠየቀችው ነፋስ መውጫ፣ ጋይንት ላይ ቁጭ ብላ መሆኑ ነው።

አጎቴ መሪጌታ የቤተ ልሔም ምስክር ናቸው። ይህን ስናገር የከተማ ወዳጆቼ ፍርድ ቤት የቆሙ ይመስላቸዋል። ቤተ ልሔም እዚያው ጋይንት ያለ የድጓ ምስክር ቤት ነው። የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን በየአገሩ ያሳድደዋል፤ ቅዳሴ ያለ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ፣ አቋቋም ያለ ጎንደር በዓታ፣ ቅኔ ያለ ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ ዝማሬ መዋሥዕት ያለ እዚያው ጋይንት ዙር አባ። ድጓን ጎጃምም ወሎም ተቀምጦ መማር ይቻላል፤ ቆማና አጫብርም የራሳቸው ስልት አላቸው። በአገሩ ሁሉ የተስፋፋው ግን የቤተ ልሔም ነውና፣ የድጓ መምህር ልሁን የሚል ተማሪ ያስተማሩትን የኔታ ተሰናብቶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ለመመስከር ወደዚያ ይወጣል። ያስተማረው አንድ፣ የሚመዝነው ሌላ። ይህን ሥርዓት ዛሬ «የውጭ ፈታኝ» ብለን እንደ አዲስ እናደንቀዋለን።

ቦታው ራሱ መፈተን ይወዳል። ቶማስ ፓከንሃም የተባለው ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲደርስ ከውጭ ያየው እንደ ማንኛውም የደብር ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ የሣር ክዳን ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን ሌላ ሕንፃ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ የመካከለኛው ዘመን ሥራ፣ በክቡ ተሸፍኖ ቆሞ አገኘ። የመግቢያ ፈተና የሚያወጡ ሰዎችን አንድ ቀን ወስጄ ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

ለምስክር የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። በቀደመው ሥርዓት ድጓውን ራሱ ጽፎ ይይዛል። ድጓ ደግሞ አንድ ገጽ አይደለም፤ ዮሐንስ፣ አስተምህሮ፣ ፋሲካ ተብሎ የተከፈለ የዓመት ዜማ ነው፤ ጾመ ድጓ ለብቻው አለ። ቃሉን ገልብጦ መጨረስ ግማሹ ሥራ ነው። በቃሉ ራስ ላይ ምልክቱ ይሰፍራል፤ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ዜማው በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ምልክቱን ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ሊቃውንቱ ይናገራሉ። አንዲት ነጥብ የተሳሳተች እንደሆነ ዜማው ይጎብጣል። አጎቴ የራሳቸውን ድጓ ሲጽፉ ሁለት ክረምት እንደፈጀባቸው ይናገራሉ፤ የቀኝ አመልካች ጣታቸው እስከ ዛሬ ትንሽ ጠመም ያለ ነው።

እና ቃለ መጠይቁ! እኔ ፊት የተቀመጡት ሦስቱ ሰዎች ሩብ ሰዓት ሰጥተውኝ ነበር። ቤተ ልሔም መጤውን ተማሪ የሚሰማው ወራት፣ አንዳንዱንም ከዓመት በላይ ነው። እዚያው ጎጆ ቀልሶ፣ እዚያው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ እየበላ፣ ተራው ሲደርስ ይዘልቃል። የኔታ መጽሐፍ አይገልጡም፤ ይሰማሉ። ሲሳሳት «ተመለስ» ይላሉ። አጎቴ አንድ ቦታ ላይ ስንት ጊዜ ተመለስ እንደተባሉ ሲያወሩ አሁንም ያፍራሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ «ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። ማን ይጠይቃል? ይሰማ የለ።

ቃሉን ልብ ብላችሁታል? ማስመስከር። ሰውየው ስለ ራሱ አይመሰክርም፤ ሌላው እንዲመሰክርለት ያደርጋል። ከዚያ ሲወጣ «ምስክር» የሚባለው ራሱ ሰውየው ነው። እኛ ግን ቃሉን ወስደን ወረቀት ላይ ለጠፍነውና «የምስክር ወረቀት» አልነው። ወረቀቱ ሲመሰክር ሰውየው ዝም አለ።

ያን ዘመን ናፍቄ አይደለም። ረኃቡ፣ የውሻው ንክሻ፣ በየመንገዱ የቀረው ተማሪ ይታወቃል። የእህቴ ልጅማ በሴትነቷ ብቻ በልማድ ከዚያ ጉባኤ አትቀመጥም ነበር። ደግሞ በ2014ቱ ፈተና የተቀመጡት ከ8 መቶ ሺህ በላይ ናቸው፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ አንድ በአንድ የሚሰማ የኔታ ከየት ይመጣል? ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላው መልስ ነው። ቃለ መጠይቅ ይኑር ባልኩ ቁጥር ወዳጆቼ «የማን ልጅ ነህ ሊባል ነዋ!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የመልስ ወረቀት ማጥቆርን የወደድነው አራሚው ማሽን ዘመድ ስለሌለው ነው።

ቢሆንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ከጀመረ፣ ሌሎቹም ከተከተሉት፣ ቢያንስ በእነዚህ ውስጥ ተማሪው ፈታኙ ፊት ተቀምጦ በእጁ የሚጽፋት አንድ ገጽ ትኑር፤ በገጿ ላይም አሥር ደቂቃ ይጠየቅ፤ ጠያቂዎቹ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ይምጡ። የቤተ ልሔም መምህር የማይገባውን ቢያሳልፍ፣ ያ ሰው በሄደበት ደብር ሁሉ በተሳሳተ ቁጥር የሚነሳው የምስክር ቤቱ ስም ነው። የእኛ ፈታኝ ስሙ የሚነሳበት ቦታ የለም።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ስልኩን አስቀምጪ፣ ደብተር አውጪ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ በእጅሽ ጻፊ፤ ከዚያ ለአባባ አንብቢላቸው አልኳት፤ አጎቴን አባባ ነው የምትላቸው። የአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ውስጥ ሲገባ ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ ቤት የዋለችበት ዓመት አለ። ያን ዓመት ታናሽ ወንድሟን ክፍልፋይ ለማስተማር እንጀራ ስትቆርስ ከርማለች፤ ብርጭቆው ጽሑፍ ላይ ይህ የለም።

እሑድ ከሰዓት ደወሉልኝና ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን መሀል አስቀመጡት። ማንበብ ጀመረች። የእንጀራው ነገር መጣ፤ አጎቴ ሳቁ። ትንሽ እንደሄደች «ተመለሺ» አሏት።

«የት ጋ፣ አባባ?»

«ድምፅሽ የወረደበት ጋ።»

ተመለሰች። «ማኅበረሰቤን የመለወጥ ጥልቅ ፍላጎት...» ያቺ ሐረግ አሁንም እዚያው ድረስ ተከትላት መጥታለች።

«ተመለሺ።»

ደግማ አነበበች፤ ይበልጥ ፈጥና።

«ተመለሺ፣ ልጄ።»

ዝም አለች። ቀጥሎ በስልኩ ውስጥ የእስክሪብቶ ጭረት ተሰማኝ።