እስከ ሦስተኛው ብርጭቆ

ዱባይ ደርሶ የመጣ ዘመድ አታጡም፤ ኑዋክሾት የሄደ ሰው ግን ታውቃላችሁ? የሞሪታኒያን ዋና ከተማ ለማየት ስነሳ እናቴ «ደግሞ እዚያ ምን አለ?» ብላኝ ነበር።

ከተማዋን በአንድ ወገን ሰሃራ፣ በሌላው አትላንቲክ ውቅያኖስ ይዘዋታል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ነፃ ስትወጣ ትንሽ ነበረች፤ በኋላ ድርቅ ከብቶቻቸውን የጨረሰባቸው አርብቶ አደሮች እየጎረፉ አሰፏት። አሸዋው እስከ አስፋልቱ ይዘልቃል። ከሰዓት በኋላ ወደ ዓሣ ገበያው ብትወርዱ፣ ደማቅ ቀለም የተቀቡ ረጃጅም የእንጨት ጀልባዎች ከባሕር ሲመለሱ ታያላችሁ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ፈቃድ ጠይቁ።

እኔ ስጠይቅ ሻይ ተጋበዝኩ። ናና ያለበት አረንጓዴ ሻይ ነው፤ አረፋ እስኪሠራ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ይገለበጣል። ጠጥቼ፣ ሰዓቴን አይቼ ብድግ ስል ጋባዤ ሁለት ጣቱን አሳየኝ። ገና ሁለት ይቀራል ማለቱ ነው። ሻያቸው እንደኛ ቡና ሦስት ዙር ነው! ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ። እሁድ እሁድ ቡና ስታፈላ አቦሉን ጠጥቼ ነው የምሮጠው። ለማላውቀው ሰው የሰጠሁትን ጊዜ ለእሷ ነፍጌያት ኖሯል። በተመለስኩ በመጀመሪያው እሁድ እስከ በረካ ተቀመጥኩ።

«ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» አለችኝ።