«ቀጥተኛ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ»

በአገራችን የሥራ ማስታወቂያ ውስጥ የዚህን አርእስት ያህል የሰው እንጀራ የዘጋ ሐረግ ያለ አይመስለኝም። አምስት ቃል ናት። ማኅተም ይመታባታል፣ ሰሌዳ ላይ ትለጠፋለች፤ ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም።

ሰሞኑን ከሚሴ ነበርኩ። የአዲስ አበባና የደሴ አውራ ጎዳና ከተማዋን መሐል ለመሐል ያልፋታልና፣ መንገድ ዳር ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው አገር ሲተላለፍ ያያል። እኔን ያገኘኝ ግን አላፊ አግዳሚ አይደለም፤ የድሮ ተማሪዬ ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምሬው ተመርቋል፤ እንጀራው የወጣው ግን በፕሮጀክት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት በዚሁ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከባቲ እስከ ጂሌ ጥሙጋ፣ የውኃና የምግብ ዋስትና ፕሮጀክቶችን ሲመራ ኖረ። አሁን ሥራ ፈትቷል።

«መምህር፣ አርባ አራት ዓመቴ ነው። እንደ ልጅ ሀ ብዬ ልጀምር እንዴ?» አለኝ።

የሆነውን አንባቢዬ ያውቃል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን አገደ። ብዙም ሳይቆይ የእኛው ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎችን ውል አቋረጠ። ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዩኤስኤይድ ራሱ ርዳታ ማስተዳደሩን አቆመ። በየወረዳው በውል ይሠራ የነበረ ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩን አስረክቦ፣ የምስጋና ደብዳቤ ተቀብሎ ቤቱ ገባ።

«እሰይ! በላንድክሩዘር አቧራ ሲያለብሱን ኖረው የለ!» ያለ ሰው አልጠፋም። እኔ ግን ይህ ሳቅ አይጥመኝም። ፕሮጀክት ወደ ወሎ የገባው በቅንጦት አይደለም፤ ከረሃብ ጋር ነው። በ1977 ዓ.ም. ባቲ ላይ የነበረውን መጠለያ ያየ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመርም ባቲን የመሰሉ ወረዳዎች ታቀፉበት። ከዚህ ሁሉ መካከል ስንዴ ከማከፋፈል ያለፈ ሙያ የተማረ ትውልድ ወጥቷል። ጥያቄው ያንን ሙያ ምን እናድርገው ነው።

ተማሪዬ በመጀመሪያ ያመለከተው ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ አስኪያጅነት ነበር። መለሱት። የምልመላ ኮሚቴው አሥራ ሰባቱን ዓመት ቆጥሮ ቆጥሮ «ቀጥተኛ አግባብነት ያለው፦ ዜሮ» ብሎ ጻፈ። ሌላ ቦታ ሲሄድ ከቀድሞ ቀጣሪዎቹ ለአንዱ ዘመን የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ አምጣ ተባለ፤ ያ ድርጅት ደግሞ ቢሮውን ዘግቶ ከሄደ ቆይቷል። ዘመድ አዝማድ በበኩሉ ይመክራል፤ አንዱ የመሬት ድለላ፣ አንዱ የመኪና ኪራይ፣ አንዱ «ለምን ዐረብ አገር አትሞክርም?» ይለዋል። እናቱ ብቻ «አብሽር ልጄ» ብለው ዝም አሉ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጥፋቱ የኮሚቴው ብቻ አይደለም። የሥራ ማመልከቻውን አሳየኝ፤ ስምንት ገጽ ሙሉ በእንግሊዝኛ። አንብቤ ስጨርስ ሰውየው ምን ሲሠራ እንደኖረ አልገባኝም። «አስተባብሯል»፣ «አመቻችቷል»፣ «አቅም ገንብቷል» ነው ሁሉ። ስንት የፕሮጀክት ሰው ነው ለፈረንጅ ሪፖርት በመጻፍ ብዛት ሥራውን በራሱ አንደበት መናገር የተሳነው! በየመንገዱ ዳር ታፔላው ቆሞ ቧንቧው የደረቀበትን ፕሮጀክትም አይተናል። እሱንም ልምድ ብለን እንቁጠረው ወይ? አንቆጥረውም።

«በል እንግዲህ» አልኩት። «ይህን ወረቀት አጥፈህ አስቀምጠውና አንድ የሠራኸውን ነገር ንገረኝ። ለእናትህ እንደምትነግራት አድርገህ። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብትገባ የሻዩን ሒሳብ አንተ ትከፍላለህ።»

ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። በሦስተኛው ግን መጣለት። ደዋ ጨፋ ውስጥ የምትገኝ አንዲት ቀበሌ ናት። ውኃ ተቆፍሮ ወጣ፤ ቦኖው የት ይቁም በሚለው ሁለት መንደር ተጣላ። በዚያ ላይ በበጋ አፋሮች ከብትና ግመላቸውን ይዘው ወደ ጨፋ ሣር ይመጣሉና የእነሱስ ከብት የት ይጠጣ? ገንዘቡ ተለቅቋል፣ ክረምቱ ደርሷል። እሱ አሥራ አንድ ቀን ዛፍ ሥር ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጠ፤ ከአንዱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከሌላው ጋር በአማርኛ፣ ከአፋሮቹ ጋር በአስተርጓሚ። በመጨረሻ የሰው ቦኖ ለብቻ፣ የከብት ገንዳ ለብቻ ሆነ። ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተመረጠ፤ አራቱ ሴቶች። ቁልፉ ለአንዲት አሮጊት ተሰጠ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብር ይዋጣል፣ ሒሳቡ በደብተር ይያዛል። ፕሮጀክቱ ፌዝ አውት ካደረገ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ውኃው ዛሬም ይወርዳል።

«ሪፖርቱ ላይ እንዴት ጻፍከው?» አልኩት።

«አንድ የውኃ ተቋም ተገንብቷል፤ ብዬ።»

ሻዩን እኔ ከፈልኩ፤ «ፌዝ አውት»ን ሰምቼ እንዳልሰማ አልፌለት።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ለገበሬ ኅብረት አግባብነት የለውም የተባለው። ሽንኩርት አምራቹን ከነጋዴው ማስማማት፣ የጋራ ገንዘብ ሳይበላ እንዲቆጠር ማድረግ፣ የግብርናውንም የውኃውንም የፋይናንሱንም ጽሕፈት ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ ዝናብ ሳይቀድም ሥራን መጨረስ፤ ከዚህ የቀጠነ ቀጥተኛ ልምድ ከየት ይምጣ? በ2013 ዓ.ም. የጎረቤት ደም የፈሰሰበት፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የረገጠው አካባቢ፣ ሁለት መንደር ያስታረቀ ሰው ሲያገኝ ወደ ድለላ ይሰደዋል እንዴ? ነገሩ የአንድ ሰው ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ ሰው የአገር ገንዘብና ዘመን ወጥቶበታል። ደጅ ስናስጠናው የምንጥለው ያንን ነው።

«ሹመት ለለመደ እንዲህ ይበዛበታል» የሚሉኝ ይኖራሉ። እነሱን ሐዲስ ዓለማየሁን አስቡ እላቸዋለሁ። የሥራ ማስረጃቸው ላይ የሚሰፍረው መምህርነት፣ አርበኝነት፣ ጣሊያን አገር ምርኮኝነት፣ አምባሳደርነትና ሚኒስትርነት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም.፣ ሰውየው ሃምሳን ካለፉ በኋላ ነው። የምልመላ ኮሚቴ አግኝቷቸው ቢሆን ኖሮ «በልብ ወለድ ስንት ዓመት አገለገሉ?» ብሎ በመለሳቸው ነበር። እኔም ብሆን በአርባ ስምንት ዓመቴ ጠመኔ ጥዬ ጋዜጣ ቤት ስገባ፣ አዘጋጁ «በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ቆየህ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። «እንግዲያው አንድ ጽሑፍ ይዘህ ና» አለ። ዛሬ የምታነቡኝ በዚያች መልስ ነው።

ቀጣሪዎች ሆይ፣ የምለምናችሁ እንደዚያ አዘጋጅ እንድትሆኑ ነው። የዓመት መደመሪያችሁን አስቀምጡና «ምን ሠራህ? እስቲ አሳየን» በሉ። ሄዳችሁ እዩ፤ የደረቀ ቧንቧ ከሆነ መልሱት፣ ውኃ የሚወርድ ከሆነ ቅጠሩት። እናንተም የፕሮጀክት ሰዎች፣ «ማናጀር» የምትለዋን ካባ አውልቁ። ስምንቱን ገጽ ተዉትና ሥራችሁን እናታችሁ በምትሰማው ቋንቋ ተናገሩ፤ ደመወዙ የቀድሞው ግማሽ ቢሆንም ጀምሩ። አበሉና መኪናው ሄደዋል፤ አይመለሱም ብላችሁ ቁጠሩት። ሙያው ግን የእናንተው ነው።

ተማሪዬ ስንለያይ ለዚያው ኅብረት እንደገና ሊያመለክት ወስኗል። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ገጽ ብቻ፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በዞኑ የሥራ ቋንቋ። የሚያያይዘው ማስረጃ አጥቶ ሲጨነቅ አይቼ አንድ ነገር አልኩት፦ የቀበሌዋን ስምና የቁልፍ ያዥዋን አድራሻ ጻፍላቸው። ኮሚቴው እግር ካለው ሄዶ ይጠይቃቸው።