ጕልበት ተንበርክኮ ልብ ሲቆም

እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድ የትእዛዛት ሁሉ ራስ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን በኢትዮጵያ አይገኝም። ሕፃኑ በንባብ ቤት ይሰማዋል፤ ካህኑ በዐውደ ምሕረት ያስተምረዋል፤ ነጋዴው እንኳ በሱቁ ግድግዳ ላይ ሥዕል ሰቅሎ ይመሰክረዋል። ትእዛዙ እንዲህ በአፍ ሁሉ እየተነገረ በኑሮ ሲፈለግ የሚታጣበት ምክንያት ምንድን ነው ቢባል፣ ብዙ ሰው «ፍጹም» የሚለውን ቃል «ብዙ» ብሎ ስለ ተረጐመው ነው። ብዙ የሚጾም፣ ብዙ የሚሰግድ፣ ብዙ ደብር የሚሳለም ሰው ልቡን ፈጽሞ የሰጠ ይመስለዋል። ብዙ ግን ፍጹም አይደለም። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙን ሰጥቶ አንዱን የሸሸገ ሰው ብዙ ሰጠ ይባላል እንጂ ፈጸመ አይባልም። ሐናንያና ሰጲራ የተፈረደባቸው ጥቂት ስለ ሰጡ አይደለም፤ ሁሉን ሰጠን ብለው ከፊሉን ስላስቀሩ ነው።

ቃሉን በአንድምታ መንገድ ለሚመረምር ሰው ምሥጢሩ ይገለጣል። ልብ ፍጹም ሆነ ማለት ያልተከፈለ ማለት ነው፤ እኩሌታው ለእግዚአብሔር፣ እኩሌታው ለቂም ያልሆነ። አንድም፣ ያልተሸሸገ ማለት ነው፤ ለንስሓ አባት የሚከፈት አንድ ጓዳ፣ ለራስ ብቻ የሚዘጋ ሌላ ጓዳ የሌለው። አንድም፣ ያልዘገየ ማለት ነው፤ በደኅናው ቀን የተናገረውን በክፉው ቀን የሚፈጽም። ሰው ከእግዚአብሔር ሸሽጎ የሚያስቀረው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ገንዘቡን ለደብር የሚሰጥ ባለጸጋ ቂሙን አልሰጥም ይላል። ሌሊቱን በማሕሌት ቆሞ የሚያድር ሰው ንቀቱን ከደጀ ሰላም ውጭ ጥሎ አይገባም። ቂምና ንቀት ከልብ ጓዳ በመጨረሻ የሚወጡ ናቸውና፣ እነርሱ ሳይወጡ የቀረበ ስግደት ሁሉ ጕልበት ተንበርክኮ ልብ የቆመበት ስግደት ነው።

የዚህ ነገር ምስክር በጋሞ ምድር ይገኛል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ያለችው የአርባ ምንጭ ከተማ ሁለት ክፍል ናት፤ ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ። ሴቻ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚበዛባት፣ ሲቀላ ንግድ የሚበዛባት ናት። በዚያ የቆላው ሙዝና ማንጎ ይሸጣል፤ የሐይቁ ዓሣ ይቀርባል፤ ከጨንቻና ከዶርዜ ደጋ የተሠራ ሸማ ይወርዳል። ዓሣ በሚበዛበት ሀገር ሁሉ ጾም በገባ ቍጥር የማይጠፋ አንድ ክርክር አለ፤ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚል። ሥርዓትን የምትሠራ ቤተ ክርስቲያን ናትና ሥርዓቷ ይጠበቅ፤ ጥያቄውም ለሊቃውንት ጉባኤ ይተው። የሚያሳዝነው ግን ስለ ዓሣ ሥጋ ሙሉ ቀን የሚከራከረው አፍ የወንድሙን ሥጋ ያለ ክርክር መብላቱ ነው። ስሟ ከአርባ ምንጮች የተወሰደ ከተማ ይቅርና፣ ውኃ የሌለበት ሀገር ሰው እንኳ የጌታን አርባ ቀን ጾሞ ከልቡ አንዲት የምሕረት ምንጭ ሳትፈልቅ ቢቀር፣ ጾሙ ረኀብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ትምህርት የዛሬ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ቄስ ሳለ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ387 ዓ.ም.፣ ሕዝቡ ግብር ስለ ከበደበት ተቈጥቶ የንጉሡን የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልት ገልብጦ ነበር። ከተማዪቱም የንጉሡን ቅጣት እየጠበቀች በፍርሃት ተዋጠች። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና አፈ ወርቅ ለተሰበሰበው ሕዝብ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ከዓሣና ከወፍ ሥጋ ተከልክሎ ወንድሙን የሚነክስ ሰው ከጾሙ ምን ትርፍ እንዲያገኝ ጠየቀ። በዚያው ጊዜ ሽማግሌው ኤጲስ ቆጶስ ፍላብያኖስ እርጅናውን ሳይመለከት፣ የብርዱን ወራት ሳይፈራ፣ እኅቱም ለሞት ታምማ ሳለች ትቷት ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደ። በንጉሡ ፊት ቆሞ ስለ በደለችው ከተማ ማለደ፤ ምሕረትም አገኘ። አፈ ወርቅ በቃል ያስተማረውን ፍላብያኖስ በእግሩ ሄዶ ፈጸመው።

ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ በኢትዮጵያ የሆነው ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በምትገኘው በቡራዩ ሰዎች በዘራቸው ምክንያት ተገደሉ፤ ከሞቱትም ከተሰደዱትም መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። የሞቱ ወሬ አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቱ በኀዘንና በቍጣ ተነሣ። ከቍጣው ብዛት የተነሣ በቡራዩ የፈሰሰውን ደም በአርባ ምንጭ በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና በንብረታቸው ላይ ሊበቀል አሰበ። እነዚህ ሰዎች በቡራዩ የሆነውን አላደረጉም፤ የተቈጣ ሰው ግን የሚፈልገው የበደለውን ሳይሆን የቀረበውን ነው። በዚያች ሰዓት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቱ ፊት በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። መሣሪያ አልያዙም፤ ዛቻ አልተናገሩም። በጋሞ ባህል ሣር ይዘው የተንበረከኩ ሽማግሌዎችን ተሻግሮ ማለፍ አይቻልምና ወጣቱ ቆመ፤ ቆሞም ተመለሰ። ለሟቾች የሚያለቅሱት እነዚያው ሽማግሌዎች ሌላው ሰው እንዳይሞት የተንበረከኩ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

በዚህ ነገር ላይ ሦስት ዐይነት ተቃውሞ ይሰማል።

የመጀመሪያው፣ «ይህ የአባቶች ልማድ ነው እንጂ የወንጌል ሥራ አይደለም፤ ስለ ምን በቤተ ክርስቲያን ይመሰገናል?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በዱቡሻ፣ ይኸውም ጋሞዎች በሚመክሩበትና በሚታረቁበት አደባባይ፣ የኖረ ሥርዓት ነው። ጋሞዎች ጎሜ የሚሉት፣ መተላለፉ መዓት ያመጣል ብለው የሚፈሩት ሕግም አላቸው። ሣሩ ጥምቀትን አይተካም፤ ዱቡሻውም መቅደስን አይተካም። ነገር ግን ጌታ ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ በኢያሪኮ መንገድ ካህኑንና ሌዋዊውን አሳልፎ ሳምራዊውን ምሳሌ ያደረገው ለማን ነው? ሕግን ለሚያውቁ ነው። ሳምራዊው የተመሰገነው ካህኑ በሥርዓቱ እንዲተካበት አይደለም፤ ካህኑ እንዲያፍር ነው። ያለ መጽሐፍ ከአባቱ በወረሰው ልማድ ደም ያስቀረ ሰው ካለ፣ መጽሐፉን ይዞ በቂም የሚያድር ሰው ምን ሊመልስ ይችላል? ተቃውሞው የሚመጣው ሃይማኖትን ከመጠበቅ ቢሆን መልካም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚመጣው ከዕፍረት ለመሸሽ ነው።

ሁለተኛው፣ «ፍጹምነት ለገዳም ነው፤ የከተማ ሰው፣ ይልቁንም የገበያ ሰው፣ የሚችለውን ያህል ያድርግ» የሚል ነው። ይህም በሲቀላም በመርካቶም የሚነገር፣ በሚዛኑ ፊት ለሚቆም ሁሉ የሚጣፍጥ ቃል ነው። ሆኖም ትእዛዙ የተሰጠው ገዳም ሳይኖር፣ ለእስራኤል ሕዝብ ሁሉ፣ ለአራሹም ለነጋዴውም ነው። ሕጉ ቃሉን በቤት ተቀምጦም፣ በመንገድ ሄዶም፣ ተኝቶም፣ ተነሥቶም ማሰብን ያዛል፤ መንገድና ቤት ደግሞ የከተማ ሰው መዋያ ናቸው። የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስ በበረሓ ሳለ በከተማ የሚኖር አንድ ባለ መድኀኒት በጽድቅ እኩያው መሆኑ ተገልጦለታል፤ ሰውዬው ከሚያገኘው የተረፈውን ለድኾች ይሰጥ፣ በየቀኑም ከመላእክት ጋር ቅዳሴን ያደርስ ነበር። እንግዲህ እንጦንስ ከከተማ ሰው የተማረውን የከተማ ሰው ራሱ «ለገዳም ነው» ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብድ ነው። «ወንድሙ የተገደለበት ሰው ይቅር በል ሲባል የሟቹ ደም ከንቱ አይቀርምን?» ይላል። ይህን የሚጠይቅ ሰው በተግሣጽ ሊመለስ አይገባውም፤ ሐዘኑ እውነት ነውና። መልሱ ግን ይህ ነው። ፍርድና በቀል አንድ አይደሉም። ገዳይ በሕግ ይያዝ፣ በዳኛ ፊት ይቁም፣ የሚገባውን ይቀበል፤ ይህን ወንጌል አይከለክልም። ሽማግሌዎቹም የገዳዩን ቅጣት አላስቀሩም፤ ያልገደለው ሰው እንዳይቀጣ ከለከሉ እንጂ። በበቀል የሚፈሰው ደም የፊተኛውን ደም አያጥብም፤ አንድ ለቅሶ የነበረበትን ቤት ሁለት ያደርገዋል። የሟቹን ደም ከንቱ የሚያደርገው ይቅርታ አይደለም፤ በስሙ ንጹሕ ሰው ሲገደል ያን ጊዜ ነው ከንቱ የሚሆነው።

ከቂም ቀጥሎ የተሸሸገው ንቀት ነው፤ ይህም ከጋሞ ሰው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነገር አለው። በእሑድ ማለዳ በአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት ነጭ ነጠላ ለብሶ የሚገባውን ሕዝብ የሚመለከት ሰው ነጠላውን ማን እንደ ሠራው ይጠይቅ። ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው መጥተው በሽሮ ሜዳና በሌላም ሰፈር በመሸመኛ ጕድጓድ ተቀምጠው የሚውሉ ናቸው። ነጠላው በመስቀል ምልክት አምሳል ተጣጥፎ በትከሻ ላይ ይከበራል፤ የሠራው እጅ ግን ብዙ ዘመን ተንቋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር ዐዋጅ ማስነገራቸው ለንጉሡ ክብር ነው፤ ለክርስቲያኑ ሕዝብ ግን ወቀሳ ነው። ዮሴፍ ዐናጢ፣ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ መሆኑን በየዓመቱ የሚሰማ ሕዝብ ባለ እጅን እንዳይሰድብ ዐዋጅ ሊያስፈልገው አይገባም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዐለፈ፤ ስድቡ ከአደባባይ ቢወጣም ከጋብቻ ምርመራና ከጓዳ ጨዋታ ገና አልወጣም። ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን የሚንቅ ሰው በመቅደስ የሚያመሰግነው ያንኑ እጅ የፈጠረውን አምላክ መሆኑን ረስቷል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ተጨማሪ ጾም ይታወጅ፣ ተጨማሪ ስግደት ይታዘዝ የሚል አይገኝ። የተሠራው ሥርዓት ይበቃል፤ የጐደለው በሥርዓቱ ውስጥ ያለው ልብ ነው። የንስሓ አባት ልጁን ረቡዕና ዓርብ ስለ መጾሙ ከጠየቀው በኋላ ሁለት ጥያቄ ይጨምርበት፤ «ከማን ጋር አትነጋገርም? ማንንስ ከማዕድህ ታርቃለህ?» ብሎ። መልስ ሳያገኝም ወደ ቍርባን አያቅርበው። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላምታ እንዲሰጣጥ ሲያዝዝ፣ ሰው ሁሉ ለቀኙና ለግራው እጅ ይነሣል። በቀኝና በግራ የሚቆሙት ግን ብዙ ጊዜ ወዳጆች ናቸው፤ ጠላትነት ያለበት ሰው በሌላው ማዕዘን ቆሞ በሩቅ ይታያል። ያን ሰላምታ ወደዚያ ማዕዘን ይዞ የሚሄድ ሰው፣ እርሱ «ፍጹም» የሚለውን ቃል ተረጐመው።

የከተማው ሊቅም ነጋዴውም ይህን ያስብ። የጋሞ ሽማግሌዎች በተንበረከኩበት ቀን መንገዱ አቧራ ነበረው እንጂ ምንጣፍ አልነበረውም፤ ፊታቸው የቆመውም ሥዕል ሳይሆን የተቈጣ ወጣት ነበር። በምንጣፍ ላይ በሥዕል ፊት መስገድ ቀላል ነው፤ ይህም ቅዱስ ሥራ ስለ ሆነ አይተው። ነገር ግን ከመቅደስ ወጥቶ በሲቀላ ገበያ፣ በፍርድ ቤት ደጅ፣ በወንድም በር ላይ ጕልበቱን ማጠፍ የሚከብደው ሰው፣ በመቅደስ ያጠፈው ጕልበቱን ብቻ መሆኑን ይወቅ። እግዚአብሔር የሚጠይቀው ያልተከፈለውን ልብ ነው፤ ያን የሚሰጥ ኀይል እርሱ ለካህናቱም ለሕዝቡም ያድል።