ምች ያልሆነው የአፍ ቁስል

ከንፈር ሲቆስል፣ አፍ ውስጡ ሲላጥ፣ ትኩሳት ሲጨመርበት በብዙ ቤት የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ምች መታው»። ዳማከሴ ይታሻል፣ ይጠጣል። ተራው የከንፈር ቁስል በራሱ ጊዜ ስለሚድን አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይመጣም። አደጋው አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው፦ «ሰሞኑን ምን መድኃኒት ጀመርክ?»

ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም የሚባለው ከባድ የመድኃኒት ጠንቅ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 ከገለጹት ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ነው። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀን ውስጥ ይከሰታል። በትኩሳትና በጉሮሮ ሕመም ይጀምርና አፍን፣ ዓይንን፣ ብልትንና ቆዳን ይልጣል። ከ10 ታማሚ አንዱ ገደማ ይሞታል። ተጠርጣሪዎቹ ብርቅ መድኃኒቶች አይደሉም፦ ኮትሪሞክሳዞል፣ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዙት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን፣ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል።

ዋናው ሕክምና መድኃኒቱን ማቆምና በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ ምትኩን የሚወስነው ሐኪም ነውና ማደር አይገባም። ዓይንም በዓይን ሐኪም መታየት አለበት፤ ጠባሳው ሊያሳውር ይችላል።

የአፉ ስቃይ ግን «ቁስሉ ሲድን ይተወዋል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሰው ውሃ ያጣል፣ ይዳከማል። ከንፈሩን በየሁለት ሰዓቱ ቫዝሊን መቀባት፣ አፉን ለብ ባለ የጨው ውሃ ቀስ ብሎ ማጠብ፣ ከምግብ በፊት ሐኪም ያዘዘውን ማደንዘዣ መጉመጥመጫ መጠቀም ይረዳል። በርበሬ፣ ሎሚና ትኩስ ነገር ይቅሩ፤ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ወተት፣ እርጎ ይሻላል። መዋጥ ጨርሶ ካልተቻለ በአፍንጫ ቱቦ መመገብ አለ።

ይህ ሁሉ ከመድረሱ በፊት ግን መድኃኒት ቤቱ አለ። ያለ ማዘዣ መሸጥ የሌለበት ኮትሪሞክሳዞል በስም ተጠርቶ ይገዛል። ሻጩ «ጠዋትና ማታ» ብሎ ያበቃል። «አፍህ ከቆሰለ ወይም ሽፍታ ከወጣብህ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂድ» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። «ሕዝቡ ፈርቶ መድኃኒቱን ያቋርጣል» የሚሉ አሉ። ሳያውቅ መዋጡን የሚቀጥለው ሰው ግን ዋጋውን የሚከፍለው በሕይወቱ ነው።

ከሞት የተረፈውም ሰው የመድኃኒቱ ስም በግልጽ የተጻፈበት ካርድ ሳይዝ ከሆስፒታል መውጣት የለበትም። ያ ስም በቃል ብቻ ከቀረ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ጉንፋን፣ ያው ኪኒን ተመልሶ እጁ ላይ ይወድቃል።